ይጠይቁን፦ ወደ ደቡባዊ አፍሪካ ሳፋሪ የሚሄድ ሰው መቼ ይነሳ፣ ምን ይያዝ?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ስለ አንድ መስመር የሚጠይቁ ናቸው፤ ክሩገር (የደቡብ አፍሪካ የአራዊት ፓርክ)፣ የቪክቶሪያ ፏፏቴ (በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር ላይ)፣ ቾቤ (የቦትስዋና የአራዊት ፓርክ) እና ኬፕታውን። ወራቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ግን በእኛው ጽፈናል።

እኔና ባለቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። የጋብቻችንን 25ኛ ዓመት በ12 ቀን ጉዞ ልናከብር አስበናል። የጉዞ ወኪላችን «ለአራዊት ጁላይን የሚያህል የለም» ይላል። ኬፕታውን የቆየ ወዳጃችን ደግሞ «በጁላይ ከሄዳችሁ ዝናብ ስትቆጥሩ ትመለሳላችሁ» ብሎናል። ማንን እንመን?

ሁለቱም ልክ ናቸው። የተለያዩት ስለ ተለያየ አገር ሰማይ ስለሚያወሩ ነው። ክሩገር ዝናብ የሚያገኘው ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ነው። ከሜይ በኋላ ሣሩ ይደርቃል፣ ቁጥቋጦው ቅጠሉን ያራግፋል፣ ኩሬው ይጎድላል። ያኔ እንስሳው ሁሉ ወደ ቀረው ውኃ ይሰበሰባል፤ ዓይንም ጫካውን አልፎ ያያል። ድርቁ እየጠና ሲሄድ፣ በኦገስትና በሴፕቴምበር፣ ወንዝ ዳር ቆሞ የሚጠብቅ መኪና ብዙ ያያል። ኬፕታውን ግን ተቃራኒ ናት፤ ዝናቧና ማዕበሏ ከጁን እስከ ኦገስት ነው።

ፏፏቴው ደግሞ የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው። የዛምቤዚ ውኃ በላይኛው ተፋሰስ፣ በዛምቢያና በአንጎላ የዘነበ ነውና ዘግይቶ ይደርሳል፤ የሚሞላው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከማርች እስከ ሜይ ነው። በኤፕሪል 1,708 ሜትር ስፋት ያለው ውኃ በሙሉ 108 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ጭጋጉ ገደሉን ይሸፍነዋል። ሰው እስከ አጥንቱ ርሶ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ የገደሉን ግርጌ ሳያይ ይመለሳል። በኦክቶበርና በኖቬምበር በዛምቢያ በኩል አብዛኛው ክፍል ባዶ ዓለት ይሆናል፤ በዚምባብዌ በኩል ግን ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል።

ስለዚህ አራቱንም በአንድ ጉዞ ለማየት ከቆረጣችሁ የእኛ ምርጫ የሴፕቴምበር ሁለተኛ አጋማሽ ነው። እንቁጣጣሽን ከቤተሰብ ጋር አክብራችሁ መነሳት ትችላላችሁ። ክሩገርና ቾቤ በጥሩ ጊዜያቸው ላይ ናቸው። የኬፕታውን ዝናብ ይቀንሳል፤ ከኬፕታውን አቅራቢያ ባለችው ሄርማነስ ከባሕሩ ዳር ቆሞ ዓሣ ነባሪ የሚታይበትም ወቅት ነው። የምትከፍሉት ዋጋ የፏፏቴው መቀነስ ነው፤ እሱንም በዚምባብዌ በኩል በማየት ታካክሱታላችሁ። ኬፕታውንን መተው ከቻላችሁ ግን ወኪሉን ስሙት። በጁላይ የቦትስዋናው ኦካቫንጎ ረግረግ በውኃ የተሞላ ነው። አንጎላ ላይ የዘነበው ውኃ ወራት ተጉዞ አገሩ በደረቀበት ሰዓት ይደርሳልና።

የሌሊቶቹን አከፋፈል እንዲህ ብታደርጉት ይሻላል፦ ክሩገር 4፣ ቪክቶሪያ ፎልስ ከተማ 2፣ ካሳኔ (የቾቤ መግቢያ) 2፣ ኬፕታውን 3። ብዙ ወኪሎች ክሩገርን ወደ 2 ሌሊት ያሳጥሩታል፤ ይህ ትልቁ ስሕተት ነው። ከጆሃንስበርግ እስከ ስኩኩዛ (የክሩገር ዋናው ማረፊያ) በመኪና 5 ሰዓት ያህል ስለሚወስድ የመጀመሪያው ቀን በመንገድ፣ የመጨረሻው በመመለስ ያልቃል። ለፍለጋ የሚተርፈው አንድ ንጋትና አንድ ምሽት ብቻ ይሆናል። በ4 ሌሊት ግን ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ ትወጣላችሁ። ነብር ቀን ቀን ዛፍ ላይ ተጋድሞ፣ ማታ ማታ የሚንቀሳቀስ አውሬ ነው፤ በአንድ መውጫ ማየት የዕድል ጉዳይ ነው። የብላይድ ወንዝ ሸለቆንና «የእግዜር መስኮት» የሚባለውን ገደል ማየት ከፈለጋችሁ ሌላ ሌሊት ጨምሩ እንጂ በመሸጋገሪያው ቀን አትሰኩት። የፓርኩ በር በሴፕቴምበር ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ኬፕታውን ስትደርሱ ሰማዩ ጥርት ካለ ሻንጣችሁን ሆቴል ጥላችሁ ወዲያው ወደ ጠረጴዛ ተራራ ውጡ። የገመድ መኪናው ነፋስ ሲበረታ ይቆማል፤ «ነገ እንወጣለን» ያለ ብዙ ሰው ሳይወጣ ተመልሷል። ወደ ሮበን ደሴት የሚሄደው ጀልባም በነፋስ ይሰረዛል፤ ትኬቱን አስቀድማችሁ ግዙና ለመጀመሪያው ሙሉ ቀን አድርጉት፤ ቢሰረዝ መለዋወጫ ቀን ይኖራችኋል። እዚያ በግዞተኞቹ ጠባብ ክፍሎች ፊት ስትቆሙ ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ ኮልፌ ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና እንደወሰዱ፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርትም ይንቀሳቀሱ እንደነበር አስታውሱ። ከ27 ዓመት እስራቸው 18ቱን ያሳለፉት በዚያች ደሴት ነው።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ ከሁለት ልጆቼ ጋር ከአዲስ አበባ እነሳለሁ። ባለቤቴ ሥራ ስላለበት አይመጣም። ምን ወረቀት ያስፈልገኛል?

ጉዞዎ የሚበላሸው ጫካ ውስጥ ሳይሆን የፓስፖርት መስኮቱ ፊት ነውና ይህን በጥንቃቄ ያንብቡ። ለደቡብ አፍሪካ ቪዛ ያስፈልግዎታል። ሲያመለክቱ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆኑን ያረጋግጡ። ምክንያቱም ከጆሃንስበርግ ወደ ቪክቶሪያ ፎልስ ሄደው ወደ ኬፕታውን ሲመለሱ ለሁለተኛ ጊዜ ደቡብ አፍሪካ እየገቡ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዞ የወጣ ሰው የጉዞው ግማሽ ይቀርበታል። በፏፏቴውም ዘንድ ወጥመዱ ተመሳሳይ ነው፤ ከዚምባብዌ ወጥተው ቾቤን አይተው ከተመለሱ ሁለት ጊዜ ገብተዋል። ለዚምባብዌና ለዛምቢያ በጋራ የሚሰጥ 50 ዶላር የሚያስከፍል የ30 ቀን «ካዛ» ቪዛ አለ፤ በካዙንጉላ የድንበር መሻገሪያ በኩል ቾቤን በአንድ ቀን አይቶ መመለስንም ይፈቅዳል፣ ቦትስዋና ማደርን ግን አይሸፍንም። የሚሰጠው ለተዘረዘሩ አገሮች ዜጎች ብቻ ስለሆነ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት የዚምባብዌን ኤምባሲ ይጠይቁ።

ደቡብ አፍሪካ ቢያንስ ሁለት ባዶ የፓስፖርት ገጽ ትጠይቃለች። ለዚህ መስመር ስድስት ባዶ ገጽ ይዞ መነሳት ይሻላል፤ ድንበር በተሻገሩ ቁጥር ማኅተም አለ፣ የቪዛ ተለጣፊም ሙሉ ገጽ ይወስዳል።

የልጆቹ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ነው። በእኛ አጠራር የልጅ ስም የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስለሆነ የድንበር መኮንኑ ፓስፖርቶቹን ሲያስተያይ የእናትና የልጅ «የቤተሰብ ስም» አይገጥምለትም። ስለዚህ የእናትና የአባት ሙሉ ስም ያለበትን፣ በእንግሊዝኛ የተተረጎመና የተረጋገጠ የልደት ምስክር ወረቀት ለእያንዳንዱ ልጅ ይያዙ። ባለቤትዎም መስማማታቸውን የሚገልጽ፣ በውልና ማስረጃ የጸደቀ ደብዳቤ ከፓስፖርታቸው ቅጂ ጋር ይስጡዎት። ዋናውን ወረቀት በእጅ ቦርሳዎ ይያዙት እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይክተቱት።

ቀጥሎ የቢጫ ወባ ካርድ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት፤ ስለዚህ ዕድሜው አንድ ዓመት ከሞላ ሕፃን ጀምሮ ሁሉም ካርዱን ማሳየት አለበት። ካርዱ የሚጸናው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከ2016 ወዲህ ደግሞ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከአሜሪካ ተነስታችሁ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ብቻ የምትቀይሩም አስተውሉ፦ ቆይታችሁ ከ12 ሰዓት ካለፈ፣ ወይም ቤተሰብ ለመጠየቅ ጥቂት ቀን ካደራችሁ፣ እናንተም ካርድ ያስፈልጋችኋል።

የቢጫ ወባ ክትባት ወስጃለሁ፤ ልጅ ሳለሁ አርሲ ቆላ ውስጥ ወባ ይዞኝ ድኛለሁ። ሌላ መድኃኒት ለምን ልዋጥ?

ስማቸው ያሳስታል እንጂ ቢጫ ወባና ወባ ዝምድና የላቸውም። ቢጫ ወባ በቫይረስ፣ ወባ በጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ ነው፤ የአንዱ ክትባት ለሌላው ምንም አይጠቅምም። የልጅነት ወባዎም አይጠብቅዎትም። ከፊል መከላከያ የሚኖረው ደጋግሞ በሚነከስ ሰው ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ በኖሩባቸው ዓመታት ይጠፋል። በክሩገር፣ በቾቤና በፏፏቴው አካባቢ ያለው ደግሞ በአብዛኛው ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛው ዓይነት ነው።

ሐኪምዎ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያዝልዎታል። አቶቫኮን-ፕሮጓኒል ከመግባትዎ 1 ወይም 2 ቀን አስቀድሞ ይጀመራል፣ በየቀኑ ከምግብ ጋር ይዋጣል፣ ከወጡም በኋላ 7 ቀን ይቀጥላል። ዶክሲሳይክሊን ርካሽ ነው፤ ግን ከወጡ በኋላ 4 ሳምንት ይቀጥላል፣ ቆዳንም ለፀሐይ ያጋልጣል፤ ቀኑን በክፍት መኪና ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነፍሰ ጡርና ሕፃናት የተለየ ምክር ይፈልጋሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጨረሻው ላይ ነው፤ ኬፕታውን ሲደርስ «እዚህ ወባ የለም» ብሎ ያቋርጣል። ተሕዋሱ ግን ጉበት ውስጥ ቆይቶ ወደ ደም የሚገባበት ጊዜ አለ፤ ያ የቀረው ኪኒን ለእሱ ነው። ከተመለሱ በኋላ እስከ ሦስት ወር ድረስ ትኩሳት ቢይዝዎ በዚያው ቀን ደምዎን ይመርመሩ፤ የት እንደነበሩም ለሐኪሙ ይንገሩ።

ወባ የማይሰጋበት ሳፋሪ ለሚፈልግ ቤተሰብ ማዲክዌ፣ ፒላንስበርግና አዶ የዝሆን ፓርክ አሉ።

እናታችን 68 ዓመታቸው ነው፤ ትንሿ ልጃችን 5 ዓመቷ ናት። አብረውን ይችሉታል?

እናታችሁ በሚገባ ይችላሉ፤ ሳፋሪ የመቀመጥ ሥራ ነው። ችግሩ መውጣትና መውረዱ ነው። ክፍቱ መኪና ከፍ ያለ ስለሆነ የሚወጣው በብረት ርካብ እየረገጡ ነው። ሎጁ መወጣጫ ደረጃ እንዲያዘጋጅላቸው አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሾፌሩ ጀርባ ባለው የመጀመሪያ ረድፍ ይቀመጡ፤ የኋላው ረድፍ ከፍ ያለ ነው፣ ያንገጫግጫል፣ ለወገብ አይመችም። በክሩገር የእግር ጉዞ ግን ከ12 እስከ 65 ዓመት ላሉ ብቻ ነው የሚፈቀደው።

ልጅቷ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለባችሁ። ብዙ ሎጆችና ፓርኩ ራሱ በክፍት መኪና የሚቀበሉት ከ6 ዓመት ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች ለቤተሰቡ ብቻ የሚከራይ መኪና ያስፈልጋል። ይህን ሳይጠይቁ ከፍለው የሄዱ ወላጆች ተራ በተራ ሎጅ ውስጥ ልጅ ሲጠብቁ ይውላሉ።

ሁለቱንም የሚፈትነው ብርዱ ነው። መቀስቀሻው ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ መነሻው 12 ሰዓት ግድም ነው። በጁንና በጁላይ ንጋት ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ይጨመርበታል፤ እኩለ ቀን ላይ እዚያው 25 ዲግሪ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ካፖርት ሳይሆን ሦስት አራት ስስ ልብስ ደራርቡ፤ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ለእናታችሁም ጋቢ ያዙላቸው። ጋቢን የሚተካ ብርድ ልብስ እዚያ አላየንም።

ጉዞአችን ከኦገስት አጋማሽ ነው፤ ፍልሰታ ላይ ይውላል። ሎጁ «ቪጋን ምግብ አለን» ብሎናል። ይበቃል? ከጾም ውጭ ባለውስ ቀን የዱር ሥጋ ይበላል?

ቃሉ ልክ ነው፤ አፈጻጸሙ ላይ ነው የሚንሸራተተው። ከንጋት ቡና ጋር የሚቀርበው «ራስክ» የተባለ ድርቆሽ ዳቦ ቅቤና አሬራ አለበት፤ ቀላል ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። ለሎጁ «ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ አንበላም፤ ዘይት እንበላለን» ብላችሁ ዘርዝራችሁ ከሁለት ሳምንት በፊት ጻፉ። የጫካ ሎጅ አስቤዛው ከሩቅ ስለሚመጣ በዕለቱ የተነገረውን ማሟላት አይችልም። የበቆሎ ገንፎው «ፓፕ» በውኃና በጨው የሚሠራ ነውና ለጾም ይሆናል፤ ቅቤ እንዳይጨመር ብቻ ተናገሩ። ከጎኑ የሚቀርበው «ቻካላካ» ቲማቲም፣ ካሮት፣ ባቄላና ቃሪያ ያለበት ወጥ ነው፤ ከእኛ ምላስ ጋር ይስማማል። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው ከምሽቱ መውጫ በፊት የሚቀርበው ሻይና መክሰስ ሰዓቱ ይገጥምለታል።

ከጾም ውጭ የምግብ ዝርዝሩ ላይ የምታገኟቸው አጋዘን፣ ስፕሪንግቦክና ኢምፓላ የተባሉት ሚዳቋ መሰሎች ሰኮናቸው ስንጥቅ፣ የሚያመሰኩም ናቸው። ከርከሮ፣ አዞ፣ ሰጎንና የሜዳ አህያም ይቀርባሉ፤ እነዚህን ሥርዓታችን አይፈቅድም። «የዱር ሥጋ ቅልቅል» የተባለ ቋሊማ ካያችሁ ምን ምን እንዳለበት ጠይቁ። የተፈቀደውም እንስሳ ቢሆን በጥይት የተገደለ እንጂ በስመ ሥላሴ የተባረከ አይደለምና፣ ይህ ለሚከብደው ሰው በአትክልት መቆየት ይሻለዋል። ሙስሊም አንባቢዎቻችን በደቡብ አፍሪካ ከተሞች ሐላል በቀላሉ ያገኛሉ፤ ለጫካው ሎጅ ግን እንደዚሁ አስቀድመው ይጻፉ። ከአገር ቤት ቋንጣና ቅቤ አትያዙ፤ ሥጋና የወተት ውጤት ያለ ፈቃድ አይገባም፣ ይወሰዳል።

ጆሃንስበርግ ነው የምንኖረው። ክሩገርን በራሳችን መኪና ልንገባ ነው። ዝሆን መንገድ ቢዘጋብን ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ርቀት። ከ50 ሜትር በላይ ሳላችሁ ቁሙ፤ ወደ ኋላ የምታፈገፍጉበትን መንገድ ከኋላችሁ በቆመ መኪና አታስዘጉ። ከዚያ አካሉን አንብቡ። ጭራውን እያወዛወዘ፣ ጆሮውን በዝግታ እያራገበ ቅጠል የሚበላ ዝሆን ሰላም ነው። ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ጆሮውን እንደ ሸራ ዘርግቶ ከቆመ ወይም ግንባሩን ከነቀነቀ «በቃ፣ ሂዱልኝ» እያለ ነው፤ በዝግታ ወደ ኋላ ሂዱ። ጆሮውን ዘርግቶ እየጮኸ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ለማስፈራራት ነው። ጆሮውን ወደ ኋላ አጣብቆ፣ ኩምቢውን ጠቅልሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣው የምሩን ነው። በዓይኑና በጆሮው መካከል ጥቁር ፈሳሽ የሚወርድበት፣ በእግሮቹም መካከል ሽንቱ የሚንጠባጠብ ወንድ ዝሆን የስሜት ወቅቱ ላይ ነው፤ እሱን ጭራሽ አትጠጉ። እናትና ግልገልን መኪናችሁ እንዳይለያያቸው። ጥሩምባ አትንፉ።

አንበሳ ዘንድ ደግሞ ሕጉ ሌላ ነው። እንስሳው መኪናውንና ውስጡ ያለውን ሰው እንደ አንድ ግዙፍ ነገር ያየዋል፤ በጣሪያው መስኮት ብቅ ያለ ወይም እጁን ያወጣ ሰው ያንን ቅርጽ ይሰብረዋል። ከመኪና መውረድ የሚቻለው በተፈቀደ ቦታ ብቻ ነው።

ፍጥነት በአስፋልት 50፣ በጠጠር መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን እንስሳ ስትፈልጉ 25 ይበቃል። ከስኩኩዛ እስከ ሳታራ (ሌላው የክሩገር ማረፊያ) 90 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ አምስት ሰዓት ያዙለት። አዲስ ሰው ቀኑን ሙሉ ይነዳል፤ ልምድ ያለው ውኃ ዳር ሞተሩን አጥፍቶ አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ጦጦች ሲጮኹና ኢምፓላዎች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አፍጥጠው ሲቆሙ እናንተም ወደዚያው ተመልከቱ። በመጀመሪያው ቀን ፓርኩ ራሱ በሚያሰማራው የምሽት መኪና ከአስጎብኚ ጋር ውጡ፤ እሱ የሚያይበትን መንገድ ስትለምዱ ቀሪው ቀን ይቀልላችኋል።

ወደ ኦካቫንጎ በትንሽ አውሮፕላን እንሄዳለን። ሻንጣስ? ጉርሻስ ስንት ይሰጣል?

የእጅ ቦርሳን ጨምሮ 20 ኪሎ፣ ጎማና ጠንካራ ጎን የሌለው የጨርቅ ሻንጣ። የዕቃ መጫኛው በር ጠባብ ስለሆነ ጠንካራ ሻንጣ ቢቀልም እንኳ አይገባም፤ ማውን (የኦካቫንጎ መግቢያ ከተማ) ላይ አስቀምጡት ትባላላችሁ። ልብስ ስለሚያጥቡላችሁ ለአራት ቀን የሚሆን ይበቃል። ሁለት ሰው አንድ የሩቅ ማያ መነጽር ከሚጋራ ለየራሱ 8 በ42 (ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ቢይዝ ይሻላል። የደቡብ አፍሪካ ሶኬት ሦስት ወፍራም ክብ ጥርስ ያለው ነው፤ ማስተካከያውን ጆሃንስበርግ ኤርፖርት ግዙ።

ለአስጎብኚው ለአንድ ሰው በቀን ከ10 እስከ 20 ዶላር፣ ከፊት ተቀምጦ ዱካ ለሚያነበው ረዳት የዚያን ግማሽ መስጠት ልማዱ ነው። በመጨረሻው ቀን፣ በፖስታ፣ ለየብቻ፣ በእጃቸው።

አስጎብኚያችን የአውራሪስ ፎቶ ስናነሳ «ቦታውን አትለጥፉ» አለን። ቀንዱም የተቆረጠ ነበር። ለምን?

ቀንዱን የቆረጡት የእንስሳት ሐኪሞች ናቸው፤ አዳኝ እንዳይገድለው። እንደ ጥፍር ያለ ነገር ስለሆነ አያመውም፣ ተመልሶም ያድጋል፤ በየሁለት ዓመቱ ግድም እንደገና ይከረከማል። አዳኞች ግን ለቀረችው ጉማጅም ይመጣሉ። ስልካችሁ ፎቶውን ሲያነሳ ቦታውንና ሰዓቱን አብሮ ይመዘግባል፤ ያን የሚያነብ ሰው ደግሞ አይጠፋም። በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ የቦታ መለያውን ከፓርኩ በር ላይ ሳላችሁ አጥፉት። የምትለጥፉት ፎቶ ላይም የመንገድ ቁጥር፣ የኩሬ ስም ወይም የምልክት ሰሌዳ አይታይ፤ መግለጫውም «ደቡብ አፍሪካ» ብቻ ይበል።